ሞራው ሥጋ መሆኑን የረሳሁ ዕለት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ ለወይዘሮ የምስራች፣ ቡታጅራ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሳብዎ የወገብ ሕመም ዘንድሮስ ትንሽ ራራልዎ? የዓይንዎ ጠብታ አላለቀም? እንሰቱስ፣ ላሟስ፣ ጓሮውስ እንዴት ናቸው? እኔ ከባለቤቴ ከፍሰሐና ከልጆቹ ጋር ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን፤ የጎደለብን የእርስዎ ናፍቆት ብቻ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት ስለሚሆን ተውኩት። ዘንድሮ የጎደለብኝ ሌላ ነገር አለ፤ ይህን ደብዳቤም የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ብለው እንዳይቀየሙኝ። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። ድምፅዎን ስሰማ አፌ ይያዛል። ደግሞ እርስዎ ስልኩን አስጩኸው ስለሚያወሩ የእኔን ጉድ ከእርስዎ እኩል ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት በለመዱት ፊደል፣ ለብቻዎ ሆነው፣ ቀስ እያሉ እንዲያነቡት አጉልቼ ጻፍኩልዎ። እባክዎን ለየኋላሸት እንኳ አያስነብቡት። ወንድሜ ጥሩ ሰው ነው፤ ወሬ ግን አይቋጥርም።

ከዲጃን መቼም አይረሷትም። የዛሬ አራት ዓመት እኛ ጋ መጥተው የሰነበቱ ጊዜ የአሰላ ብርድ አጥንትዎ ድረስ ገብቶ ሲያንዘፈዝፍዎ፣ ከአጥር ወዲያ ጋቢ ይዛ የመጣችው ጎረቤቴ ናት። ባሏ ሙህዲን ከሮቤና ከዲክሲስ ገበሬዎች ገብስ እየገዛ የሚነግደው ነው። አሥራ አንድ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረናል። በመሀላችን ላለችው ጠባብ የአጥር በር መዝጊያ ሳናበጅላት የቀረነው ስንፍና ይዞን ሳይሆን መዝጊያ ስላላስፈለጋት ነው። የቤቴን ቁልፍ የምተወው ለእሷ ነው፤ ሁለተኛዋን ልጄን ስወልድ ገንፎዬን ያገነፋችው እሷ ናት። አንድ ነገር ብቻ አንካፈልም፤ ሥጋ። እነሱ የእኔን አይበሉም፣ እኔም የእነሱን አልበላም። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ለሙስሊም እንግዳ ብቻ የምትወርድ ድስት ቆጥ ላይ አስቀምጠው ያሳደጉን እርስዎ ነዎት። እኛ ልጆቹ በዚያች ድስት ውሃ እንኳ ብናሞቅ ቁንጥጫዎ አይቀርልንም ነበር።

ከዲጃ ሰኔ መግቢያ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ምጡ ጠንቶባት፣ ደም ብዙ ፈሷት፣ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝታ ስትመለስ ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። አማቷ አዴ ፈይሩዛ አራሷን ሊጠብቁ ከዲክሲስ መጡ። ገንፎውም አጥሚቱም ሰለቻት፤ ወተቷም አልወርድ ብሎ ሕፃኑ ሲጮህ እቤቴ ድረስ ይሰማኛል። ይኼኔ እኔ ባለሙያዋ ልጅዎ ተነሳሁ። እማማ፣ ሰው ሙያዬን ሲያመሰግነኝ እንዴት እንደምነፋ ያውቃሉ። ከእርስዎ የተማርኩትን የሥጋ ሾርባ፣ ያንን ሊጥ እየተድቦለቦለ የሚጣልበትን ሠርቼ አራሷን በእግሯ አቆማታለሁ አልኩ።

ጥንቃቄዬን ቢያዩ ያመሰግኑኝ ነበር። ቅልጥሙን ሙህዲን ራሱ ከሚያውቀው የሙስሊም ሥጋ ቤት ገዝቶ አመጣ። በእኔ ዕቃ አልሠራም ብዬ በከዲጃ ማድ ቤት፣ በከዲጃ ድስት፣ በከዲጃ ቢላዋና ጭልፋ ሠራሁ። አጥንቱን ከጠዋት ጀምሬ በቀስታ እሳት ጣድኩት፤ አረፋውን እየገፈፍኩ ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨመርኩ፤ መረቁ ሲጠራ ካሮትና ድንች አስከተልኩ። ሊጡን ግን እቤቴ ነበር የለወስኩት። የስንዴና የገብስ ዱቄት እኩል፣ ጨው፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ድብልብሉ እንዳይደርቅ አንድ ማንኪያ ተኩል የቀለጠ ሞራ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ይዤው ተሻገርኩ። የእርግብ እንቁላል እያሳከልኩ አድቦልቡዬ ጣልኩት። መጀመሪያ ሰመጡ፣ ከዚያ ተንሳፈፉ፤ ከተንሳፈፉ በኋላ እንደ እርስዎ አቡነ ዘበሰማያትን ሁለቴ ደግሜ አወረድኩ። ሥጋው የእነሱ ስለሆነ አልቀመስኩትም።

እዚህ ላይ ሲደርሱ ማንበብዎን ያቆሙ ይመስለኛል። እርስዎ ወዲያው አይተውታል። እኔ ግን አላየሁትም።

ከዲጃ ሁለት ሳህን በላች፤ አማቷም አብረዋት በሉ። ላብ ላብ አላት፣ ፊቷ ቀላ፤ ወዲያው ሳይመሽ ወተቷ ወረደ። በሾርባው ይሁን ቀኑ ደርሶ እግዜር ይወቅ፤ ምስጋናው ግን ለእኔ ሆነ። አዴ ፈይሩዛ ግንባሬን ስመው፣ ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ተባረኪ ብለው መረቁኝ። እኔም ያን ዕለት ማታ ለፍሰሐ እናቴ ያስተማረችኝ ሾርባ ሆስፒታል ያቃተውን አደረገ ብዬ ጎርሬበታለሁ።

በማግስቱ ጠዋት እቤቴ ማድ ቤት ስገባ የወተት ዱቄት ቆርቆሮዬ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። የሰኔ ጾም ሲገባ የፍስኩን ነገር ሁሉ ሰብስቤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አውጥቼው ነበር። ይህቺን ማን አወረዳት ብዬ ልጆቹን ልቆጣ አፌን ስከፍት፣ ወንበር ላይ ቆሜ ያወረድኳት እኔው መሆኔ ትዝ አለኝ። ክዳኗን ከፈትኩ። የፋሲካው በሬ ሞራ ነው። ከሰፈራችን ሰው ከኃይለየሱስ ግቢ በቅርጫ የደረሰን፣ በስመ አብ ተብሎ የታረደው፣ እኔ በኮረሪማና በጦስኝ ያነጠርኩት። የማንኪያዬ ምልክት እንኳ እላዩ ላይ ነበር። ሥጋ ሥጋ ስል፣ ድስት ድስት ስል፣ ሞራው ሥጋ መሆኑን ረሳሁት። እጄ ስንት ዓመት የለመደውን አደረገ፤ እኔም እጄን አላየሁትም። ቆርቆሮዋን እንደያዝኩ እዚያው ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ ተነስቼ በአጥሩ በር ሮጬ ብገባና ብናገር ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ሰው ነኝ፣ ተሳሳትኩ፣ አለቀ። አልሄድኩም። አራስ ናት፣ ደም ፈሷታል፣ ብትደነግጥ ወተቷ ይነጥፋል አልኩ። ለእሷ ያዘንኩ መስዬ ለራሴ ስም ነበር የማዝነው። ፍሰሐ ከሥራ ሲመለስ ብነግረው፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ የበሉትን በልተዋል፣ ተይው አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ጠብ አይወድም። ምክሩ ስለተመቸኝ ያዝኩት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ከብቅል ፋብሪካ ማዶ እየኖርኩ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሆዴ ያባውን የሚያወጣ ብቅል አጣሁ።

እሑድ ዕለት ሙህዲን ሌላ ቅልጥም አንጠልጥሎ መጣ። ያንን ሾርባ ድገሚላት፣ ሌላ ምግብ አልቀምስም አለች አለኝ፤ ዓይኑን ሳላይ ተቀበልኩት። ያን ቀን ቅቤ ገዛሁ፤ ቅቤውን እዚያው በእነሱ ማድ ቤት አነጠርኩ፣ ሊጡንም እዚያው ለወስኩ። አሁንስ ንጹሕ ነው ብዬ እፎይ ልል ስል፣ ከዲጃ አንዱን ድብልብል ጎርሳ አላመጠችና፣ የዛሬው የፊተኛውን አያህልም፣ ምን አጉድለሽበት ነው ብላ ጠየቀችኝ። አዴ ፈይሩዛም እውነቷን ነው፣ የፊተኛው ሽታውም ሌላ ነበር አሉ። እማማ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ኮረሪማ አልቆብኝ ነው አልኩ። ስሕተቱን እጄ ሳያውቅ ሠራው፤ ይህቺን ግን አፌ እያወቀ ተናገራት።

ከዚያ በኋላ ከዲጃ አራስ ሊጠይቅ ለመጣው ሁሉ የጎረቤቴ ሾርባ ነው ያነሳኝ ትላለች። ሴቶቹ ዞር ብለው ሲያዩኝ እኔ ሻሼን አስተካክላለሁ። አንድ ቀን አዴ ፈይሩዛ ዲክሲስ ላሉት ሴት ልጆቻቸው ሊያስተምሩ ፈልገው አሠራሩን አሳዪኝ አሉኝ። ከከዲጃ አልጋ አጠገብ ተቀምጠን ዱቄቱን ነፋን፣ ሊጡን ለወሱ። ከተንሳፈፈ በኋላ ጊዜውን በምን እንደምቆጥር ጠየቁኝ። በጸሎት አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁና እንግዲያው እኔ በፋቲሃ እቆጥረዋለሁ አሉ። ከዲጃም ሳቀች፣ ሁላችንም ሳቅን። ወዲያው እኚህ ሴት እጃቸው በሊጥ እንደተለወሰ ቀና ብለው፣ እስቲ እንደ ልጄ እውነቱን ንገሪኝ፣ በፊተኛው ውስጥ ምን ነበረበት አሉኝ። ኮረሪማ ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣም አለኝ። ሞራ ነው አልኳቸው። የእኛ የፋሲካ በሬ ሞራ ነው።

አዴ ፈይሩዛ አልጮኹም። እጃቸውን ከሊጡ አወጡና ጣታቸውን አንድ በአንድ እየጠረጉ ሊጡን ሳህኑ ላይ መለሱት። ከዲጃ ልጇን ከጡቷ ነጠለችው፤ ከዚያ መልሳ አጠባችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አማቷ መቼ ነው ያወቅሽው አሉኝ። በማግስቱ አልኳቸው። ዛሬስ ስንት ቀን ሆነው አሉኝ። ዘጠኝ አልኩ። ሳታውቂ ያበላሽን የአላህ ነው፣ እሱ መሓሪ ነው፤ አውቀሽ ዝም ያልሽን ዘጠኝ ቀን ግን የኛ ነው አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ እያልኩ ወደ ኋላዬ ወጣሁ፤ ከዲጃ እስክወጣ ድረስ አልዞረችም።

ሙህዲን ሼሁን ጠይቆ ኖሮ በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ አገኘኝና፣ ሳያውቁ በመብላታቸው ኃጢአት የለባቸውም ብለውናል፣ አታስቢ አለኝ። መሬት መሬት እያየ ነው የነገረኝ፤ እኔን ማየት ያሳፈረው እሱን ነበር። አዴ ፈይሩዛ ግን ያቺን ድስት ወደ ደጅ አወጧት። በአጥሩ በኩል አየኋቸው፤ በአመድ ፈተጉ፣ አለቀለቁ፣ እንደገና ፈተጉ፣ ፀሐይ ላይ ደፉ። ለአጥሯ በር መዝጊያ አላበጁም። ማንም ግን አላለፈባትም።

ቁጭ ብዬ እኔ ብሆንስ እላለሁ። ከዲጃ የእነሱን ሥጋ ሳላውቅ አብልታኝ፣ አውቃ ዝም ብላኝ፣ ስጠይቃት ኮረሪማ ነው ብትለኝስ? እኔን ያውቁኛል እማማ። ንስሐ አባቴ ጋ ደርሼ ሳልመለስ ስሟን በሰፈሩ ባዞርኩት ነበር። እሷ ግን ለማንም አልተነፈሰችም። ያኔ ከእሷ የሰሙት ሴቶች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አራሷን ያነሳሽ አንቺ ነሽ እያሉ ያመሰግኑኛል። የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ይህን ሁሉ ሳያውቁ እርስዎ በነጋዴው በሚፍታ እጅ ለከዲጃ የአራስ ቅቤ ላኩ። አምስት ቀን እቤቴ አስቀመጥኩት። ልስጣት ብል ፈራሁ፤ ባልሰጣት ደግሞ ሁለተኛ መደበቅ ሊሆንብኝ ነው። አዴ ፈይሩዛ ወደ ዲክሲስ መመለሳቸውን ስሰማ፣ በአጥሩ በር ሳይሆን እንደ ባዳ በዋናው በር ዞሬ አንኳኳሁ። ከዲጃ ከፈተችና ቅቤውን አየችው። ማን ነው ያነጠረው አለችኝ። እናቴ አልኳት። የእናትሽ እጅ ከሆነ ስጪኝ አለች። አንድ ሰሞን ብቻ ያየችዎትን እርስዎን አመነች። ተቀበለችኝ ብዬ ደስ ይበለኝ ወይስ አንገቴን ልድፋ ግራ ገባኝ። ዞር ልል ስል፣ ቅዳሜ ነይና ያንን ሾርባ ሥሪልኝ፣ ከቤትሽ ግን ምንም እንዳታመጪ አለችኝ።

ከትናንት በስቲያ ቅዳሜ ሄድኩ። ቅልጥሙ፣ ዱቄቱ፣ ጨው፣ የእርስዎ ቅቤ፣ ሁሉም በእሷ ዕቃ ተሰድሮ ጠበቀኝ። ከዲጃ በርጩማ ስባ ልጇን እያጠባች አጠገቤ ተቀመጠች። ዱቄቱን ስነፋ አየችኝ፣ ቅቤውን ስጨምር አየችኝ፣ ጨው ላነሳ እጄን ስዘረጋ ዓይኗ ከእጄ ጋር ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስናበስል አንድም ቀን እጄን አይታው አታውቅም። ፊቴ እሳት ሆነ፤ ድብልብሎቹም ግማሹ ትልቅ ግማሹ ትንሽ ሆኑ፤ ቢያዩት ይስቁብኝ ነበር። ቀድቼ ሰጠኋት። ጣፈጠኝ አላለችም፣ ጎደለውም አላለችም። ቀስ እያለች በላችና ጨረሰችው። ከዚያ በሚመጣው ቅዳሜስ ይመችሻል ወይ አለችኝ።

እንግዲህ ጉዴ ይሄ ነው። እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሙያ በልብ ነው እያሉ ያሳደጉኝን እጄ ላይ ብቻ አስቀረሁት፤ ያኮራሁዎ መስሎኝ አሳፈርኩዎት። አንድ ነገር ልለምንዎ። ለከዲጃ ሲደውሉ ስለ እኔ አያማልዱልኝ። እርስዎን ስለምታከብር እሺ ትልዎታለች፤ እኔ ደግሞ በእርስዎ ስም በተገኘ እሺታ መታመን አልፈልግም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። እጄን ማየት እስኪታክታት ድረስ አጠገቤ ትቀመጥ።

ለወንድሜ ለየኋላሸትና ለባለቤቱ፣ ለሦስቱም ልጆቻቸው በየስማቸው፣ በተለይ ጥርሷን ለምትለውጠው ለትንሿ ብዙ ሰላምታ ያቅርቡልኝ። አክስቴን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ ብላለች ይበሏቸው። ላሟን የሚያልብልዎትን ልጅም እንዳይረሱት። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ሚፍታ ነው፤ ምሳ ሳያበሉ እንዳይሰዱት፤ ድስቱን ግን ከእኔ እርስዎ ያውቁበታል። ፍሰሐና ልጆቹ እጅ ነሥተዋል። የኋላሸት እህቴ ምን ብላ ጻፈች ብሎ የጠየቀዎ እንደሆነ፣ ጥፋቷን ጻፈች ይበሉት። ስለ ዝናቡ ነው ብለው እንዳይዋሹልኝ።

ልጅዎ ተሻለች

አሰላ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.